አቶ አንድ መስመር

ሰውየው እናቱ ያወጣችለት ደህና ስም አለው፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ግን በእሱ የሚጠራው የለም። ሥራው ድረ ገጽ መሥራት ነው። አሥራ ሦስት ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ወንበሩ የእሱን ቅርጽ እስኪይዝ ድረስ፣ የኩባንያውን ድረ ገጾች ሲያበጅ ኖሯል። ምን ቢጠይቁት መልሱ አንድ ነው። "ይሄ ቁልፍ ወደ ቀኝ ጠጋ ይበልልን" ሲሉት፣ "አንድ መስመር ናት" ይላል። "ይሄ ጽሑፍ ደመቅ ይበልልን" ሲሉት፣ "ምን አላት፣ አንድ መስመር ጽፌ እገላገላታለሁ" ይላል። መስመሯ ሦስት ሳምንት ትፈጅና በመንገዷ ሌላ አራት ነገር ታበላሻለች፤ እሱ ግን በሚቀጥለውም ጊዜ አፉን ሞልቶ ያንኑ ይደግማል። የሒሳብ ክፍል ሰዎች "አቶ አንድ መስመር" ብለው አወጡለት፣ ስሙም ጸደቀለት።

ቤቱም ያው ነው። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠብ ከጀመረ አምስተኛ ወሩን ይዟል። ባለቤቱ "ቧንቧ ሠሪ ልጥራ?" ስትለው፣ "ለዚች? አንዴ ጠበቅ ማድረግ ነው እኮ" ይላታል። እሷም ከሥሩ ባልዲ አስቀምጣ፣ ባልዲው በሞላ ቁጥር አበባዋን ታጠጣለች። በዚያ ቤት ከእሱ ቃል የተጠቀመ ነገር ቢኖር አበባው ብቻ ነው።

ኩባንያው መድኃኒት ቤቶች፣ አንድ ክሊኒክና አንድ ላቦራቶሪ አለው። ድረ ገጾቹ ደግሞ አራት ናቸው። በአንዱ መድኃኒት ይሸጣል፣ በአንዱ ቀጠሮ ይያዛል፣ በሦስተኛው ሰዎች የደም ምርመራ ውጤታቸውን ያያሉ፣ በአራተኛው ኩባንያው ራሱን ያወድሳል። ከአራቱ አንድም ቀን ተበላሽቶ የማያውቀው ይኸው አራተኛው ነው።

የኩባንያው ቀለም ቀይ ነበር። ይሁን እንጂ አዲስ ድረ ገጽ በተወለደ ቁጥር ከአሮጌው እየተገለበጠ፣ የገለበጠውም ሰው ቀለሙን እንደ ስሜቱ እየነካካው፣ ቀይ የሚባለው ነገር አሥራ ዘጠኝ ዓይነት ሆኖ አረፈ። የቲማቲም ቀይ አለ፣ የሸክላ ቀይ አለ፣ አንዱማ ዕድሉ ጠሞ ሮዝ ሆኖ ቀርቷል። ማንም ልብ አላለውም። አንድ ቀን ግን አራቱ ድረ ገጾች ጎን ለጎን የአዳራሹ ግድግዳ ላይ ሲታዩ፣ የቦርድ ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "እነዚህ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ወይስ የሰፈር?" ብለው ጠየቁ። የሥራ አስኪያጁ ፊት ሃያኛው ቀይ ሆነ።

ሥራ አስኪያጁ ከስብሰባው እንደወጣ አቶ አንድ መስመርን አስጠራው።

"አንድ አድርጋቸው" አለው። "ካደረግክ ያቺን የመስታወት ክፍል ላንተ ነው የማስረክበው። የዲዛይን ክፍል ኃላፊ ትሆናለህ።"

የመስታወቷ ክፍል በር አላት፣ የራሷ መስኮት አላት፣ ከሁሉም በላይ ግን ውስጧ የተቀመጠ ሰው ለሁሉም ይታያል። አቶ አንድ መስመር ለአሥራ ሦስት ዓመት በአጠገቧ ባለፈ ቁጥር መስታወቱ ላይ የራሱን መልክ ሲያይ፣ ውስጥ የተቀመጠ እየመሰለው ደስ ይለው ነበር።

እዚህ ላይ ሰውየውን አንበድለውም፤ ሙያውን ያውቃል። የእንዲህ ያለው ጣጣ መድኃኒት የታወቀ ነው። ቀለሙን በየገጹና በየጥጋጥጉ ከመጻፍ፣ አንድ የጋራ ፋይል ትከፍታለህ፣ ለቀለሙ ስም ታወጣለታለህ፣ አራቱም ድረ ገጾች ያንን ስም እየጠሩ ቀለሙን ከዚያ ይወስዳሉ። የፊደሉ መጠንም፣ በቁልፎች መካከል ያለው ክፍተትም እንዲሁ በስማቸው ይጠራሉ። ነገ ሐሳብህን ብትቀይር አንዷን ፋይል ነክተህ አራቱን ታዛለህ። በጣም ጥሩ ዘዴ ነው። ጥሩ ዘዴ ግን የሚቸኩል ሰው እጅ ሲገባ ከመጥፎ ዘዴ ይብሳል፤ መጥፎው ቢያንስ አራቱን ባንድ ጊዜ አያበላሽም።

ቀይ ቀለም የተጻፈበትን ቦታ ቢቆጥረው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሆነ። የሥራው እውነተኛ ክብደት እዚህ ነበር፤ በእያንዳንዱ ቦታ ቆሞ "አንተስ ቀይ የሆንከው ለምንድን ነው?" ብሎ መጠየቅ። አቶ አንድ መስመር አልጠየቀም። ሁሉንም ባንድ ትእዛዝ አፍሶ "ቀይ" የሚል አንድ ስም ሰጣቸውና እጁን አራገፈ።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሥራ ከመውጣቱ በፊት የምትፈትሽ አንዲት ሴት ነበረች። ወደዚህ ሥራ ከመምጣቷ በፊት ዘጠኝ ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ የሰው ደም ስትመረምር የኖረች፣ ከምትናገረው የምታየው የሚበዛ ሰው ናት። አዲሱን ሥራ ፈትሻ ስትጨርስ ወንበሯን እየጎተተች አጠገቡ መጣች።

"ይሄ 'ግዛ' የሚለው ቁልፍ ቀይ የሆነው የኩባንያው ቀለም ቀይ ስለሆነ ነው" አለችው። "ይሄ የላቦራቶሪ ቁጥር ደግሞ ቀይ የሆነው ባለቤቱ ስለታመመ ነው። መልካቸው ገጠመ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። ሁለት ስም አውጣላቸው።"

"ቀይ ቀይ ነው እህቴ። ስም ማብዛት ከጀመርን ተመልሰን እዚያው አሥራ ዘጠኙ ውስጥ መግባታችን ነው።"

"ነገ የኩባንያው ቀለም ቢቀየርስ?"

"አሥራ ሦስት ዓመት ያልተቀየረ ቀለም ባንቺ ሟርት ይቀየራል?"

አልተከራከረችውም። ጉድለት በሚመዘገብበት መዝገብ ላይ፣ ምስል አያይዛ፣ ያለችውን አንድ ሳይቀር ጻፈችው። እሱም ከፍቶ አየውና "እንዲህ ነው የታሰበው" ብሎ ጽፎ ዘጋው። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ማታ እራት ላይ ለባለቤቱ ነገሩን እንደ ቀልድ አወራላት፦ "አንዲት ሴት አለች፣ ለአንድ ቀለም ሁለት ስም ይውጣለት የምትል!"

ባለቤቱ ሻዩን እየቀዳች "ጨውና ስኳርም መልካቸው አንድ ነው" አለችው። "ሁለት ስም ያወጣላቸው ሰው ሻይ ይወድ ነበር ማለት ነው።"

የቧንቧውን ጠብታ እያዳመጠ ሻዩን ጠጣ።

አሁን ስለ እናቱ መናገር አለብን። እናቱ ከእሱ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ለብቻዋ ትኖራለች። ኩላሊቷ ደክሟል። ኩላሊት ሲደክም ፖታሲየም የሚባል ነገር ደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ልኩን ሲያልፍም በር ሳያንኳኳ ገብቶ ልብን ያቆማል። ስለዚህ በየወሩ እዚያው የልጇ ኩባንያ ላቦራቶሪ ደም ትሰጥና ውጤቱን በስልኳ ታያለች። ጥቃቅኑን ቁጥር ዓይኗ አይለየውም። ልጇ ግን ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ሕግ አስተምሯታል፦ "ቁጥሩን ተይው እማዬ። ደህና የሆነው አረንጓዴ ነው፣ ያልሆነው ቀይ። ቀይ ካየሽ ወዲያው ደውይልኝ፤ ካላየሽ አርፈሽ ተኚ።"

በስድስት ዓመት ውስጥ ቀይ ያልታየበት ወር አልነበረም። ቀይ ባየች ቁጥር ትደውላለች፣ ሐኪም ዘንድ ይዟት ይሄዳል፣ መድኃኒቷ ይስተካከላል፣ ከምትወደው ምግብ አንድ ነገር ይቀነሳል። መጀመሪያ የተቀነሰው ሙዝ ነበር። ሙዝ ደግሞ ከልጆቿ ቀጥሎ የምትወደው ነገር ነው፤ አንዳንድ ቀን ቅደም ተከተሉ ይገላበጣል።

ድሮ ድሮ ውጤቱ የከፋ ሰው ካለ ላቦራቶሪው ራሱ ይደውል ነበር። ሥራ አስኪያጁ ይህን አስቀረው። "ድረ ገጽ እያለ ስልክ ምን ይሠራል?" ብሎ ሁለቱን ደዋዮች ወደ አራተኛው ድረ ገጽ አዛወራቸው፤ ኩባንያው ለደንበኞቹ እንዴት እንደሚጨነቅ ይጽፋሉ።

ሥራው ከተመረቀ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው የቦርድ ሰብሳቢዋ ሌላ ሐሳብ ይዘው መጡ። ምራታቸው ናት አሉ የነገረቻቸው፤ ቀይ ደም ደም ይላል። የሰው ደም የሚቀዳ ኩባንያ ደም ደም ማለቱ ለምን እንዳስነወራቸው የጠየቀ ሰው አልነበረም። "አረንጓዴ ይሁን" አሉ። ሥራ አስኪያጁ ወደ አቶ አንድ መስመር ዞሮ "ስንት ወር ይፈጃል?" አለው።

"አንድ መስመር ናት።"

እውነቱን ነበር! በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መስመሯ አንድ መስመር ሆነችለት። ሐሙስ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ተሰበሰበ። እሱም እጅጌውን ሰብሰብ አድርጎ ፋይሉን ከፈተ፣ "ቀይ" ከሚለው ስም ፊት ለፊት የአረንጓዴን መለያ ቁጥር ጻፈና ቁልፉን ተጫነ። አራቱ ድረ ገጾች በአንድ የዓይን ጥቅሻ ለመለሙ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ስሙ ቀይ የሆነ አረንጓዴ ኩባንያውን ማስተዳደር ጀመረ፣ ማንም ግን ፋይሉን አላነበበም። ፈታሿ ልጇ ታሞባት ፈቃድ ላይ ነበረች፤ "ምን የሚፈተሽ አለው? አንድ መስመር ናት" ብሎ ሳይጠብቃት አወጣው።

ሰኞ የመስታወቷን ክፍል ተረከበ። ሰብሳቢዋ አዳራሹ ውስጥ አዲሱን ቀለም ለእንግዶች እያሳዩ ነው፣ እሱ ደግሞ እስክሪብቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ በቁመታቸው እየደረደረ፣ በመስታወቱ ስንት ሰው እንዳየው በዓይኑ ጥግ እየቆጠረ ነው። ስልኩ ጮኸ። እናቱ ናት።

"ልጄ! እጅህ ይባረክ!"

"ምነው እማዬ?"

"ምንም ቀይ የለም! ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ! ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆኖልኝ ያውቃል?"

"እሰይ! አላልኩሽም?" አለ፤ ፊቱ በራ። "መቼ አየሽው?"

"ሐሙስ ከሰዓት። እንዳልከኝ አርፌ ተኛሁ። ከዚያማ ሙዜን ገዛሁ። አርብ ሁለት በላሁ፣ ቅዳሜ ሦስት፣ ትናንትና እንኳ አልቆጠርኩትም። ብቻ ዛሬ እግሬን ዛል ዛል አደረገኝ። ልቤም መንገድ የጠፋው ይመስል ዘለል ዘለል ይላል። ደስታ ነው መሰለኝ።"

አቶ አንድ መስመር ክው አለ። ውጤቷን ከፈተ። ፖታሲየሟ ስድስት ነጥብ አራት ይላል፤ ሐኪም ቤት በሩጫ የሚያስገባ ቁጥር ነው። ቁጥሩ አረንጓዴ ነበር። ከሱ በላይ ያለው አረንጓዴ፣ ከሱ በታች ያለው አረንጓዴ። ስንት ጊዜ በኩራት ያየው የራሱ አረንጓዴ ነው።

"እማዬ፣ ሙዙን አስቀምጪ። ከተቀመጥሽበት እንዳትነሺ" አለና ለባለቤቱ ደወለ። ባለቤቱ ሥራዋ ለእናቱ ቤት ይቀርብ ነበርና ምንም ሳትጠይቅ ታክሲ ይዛ በረረች። እሱ አዳራሹ በር ላይ ሥራ አስኪያጁን እጅጌውን ይዞ ወደ ጎን ወሰደው፣ ነገሩን ባጭሩ ነገረው።

"ቀዩን አሁኑኑ መመለስ አለብኝ። አንድ መስመር ናት።"

"አብደሃል?" አለው ሥራ አስኪያጁ በሹክሹክታ። "ግድግዳው ላይ አራቱም ተሰቅለው፣ እሳቸው እየተናገሩ፣ ቀይ ልታደርገው? እንግዶቹ ዘጠኝ ሰዓት ይሄዳሉ። እስከዚያ ታገስ።"

"የታመመ ሰው ሁሉ ደህና ነህ እየተባለ ነው እኮ።"

"አራት ቀን የቆየ ነገር ሦስት ሰዓት ቢጨምር ምን ይሆናል? ደግሞስ ማን አወቀ?"

ሰው ለራሱ እናት ሲሆን ልቡ ይሮጣል፣ ለሌላው እናት ሲሆን ሰዓት ያያል። ይህ ሰው ወደ መስታወት ክፍሉ ተመልሶ ተቀመጠ። አዎ፣ ተቀመጠ! እናቱ በሰው እጅ ናት፣ ሌላው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል፣ ወንበሩም አዲስ ነው፤ ይህን ሁሉ አሰበ። አርባ ደቂቃ ተቀመጠ። ለሰው ሞት አነሰው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

በአርባኛው ደቂቃ ከባለቤቱ ስልክ ተደወለለት፣ የመጣው ግን የእናቱ ድምፅ ነው። ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ናት፤ ደረቷ ላይ ሽቦ ለጣጥፈውባታል፣ ክንዷ ላይ መርፌ ተተክሏል።

"ደህና ነኝ" አለችው። "ብትዘገዪ ኖሮ አለኝ ሐኪሙ፣ ቀሪውን አልጨረሰልኝም። ስልኬን አየውና ደግሞ ቀለሙ ነው የዋሸሽ አለኝ። እውነት ነው?"

"አዎ እማዬ።"

"አንተ ነህ የቀየርከው?"

"እኔ ነኝ።"

ከጀርባዋ የልቧን ምት የሚቆጥረው መሣሪያ ጢው ጢው ይላል።

"እሺ፣ እኔስ አንተ አለህልኝ" አለች። "ለሌሎቹ እናቶች ማን ነገራቸው?"

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ፋይሉን ከፈተ፣ ቀዩን ወደ ቦታው መለሰ። አዳራሹ ውስጥ ሰብሳቢዋ "አረንጓዴ ማለት ሕይወት ማለት ነው" እያሉ ሳለ ከኋላቸው ያለው ግድግዳ በሙሉ ቀላ። እንግዶቹ የዝግጅቱ አካል መሰላቸውና ሞቅ አድርገው አጨበጨቡ። ሰብሳቢዋ አላጨበጨቡም። ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን በጨው አጥቦ "እኔ እኮ ገና ከመጀመሪያው ተው ቀስ በል ብዬው ነበር" አለ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እስክሪብቶዎቹ ካርቶን ውስጥ ገቡ፤ ሰውየውም የራሱን ቅርጽ ወደያዘው ወንበር ተመለሰ።

ማክሰኞ ፈታሿ ከፈቃድ ገባች። ከሐሙስ እስከ ሰኞ ውጤታቸው ከልክ ያለፈባቸውን ሰዎች ስም አወጣች፤ ሃምሳ ሦስት ነበሩ። ደውሉ ያላቸው ሰው የለም፤ እንዲያውም ሥራ አስኪያጁ "ነገር አትቀስቅሱ" ብሎ ነበር። ወንበሯን ጎትታ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ወረቀቱን ለሁለት ቀደደችና ግማሹን ሰጠችው። "ብዬህ ነበር" አላለችውም። ብትለው በወደደ።

አራት ድረ ገጽ ባንድ ጊዜ ያዘዘ ሰው ስልክ ግን አንድ በአንድ ነው የሚደውለው። "ከላቦራቶሪው ነው" ይላል። "በሲስተም ችግር ምክንያት ውጤትዎ በስህተት አረንጓዴ ታይቷል፤ እባክዎ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።" ይህች ሲስተም የምትባል ነገር የስንቱን ኃጢአት ተሸክማ ትኖራለች! እሱ ቃሏን በጠራ ቁጥር ፈታሿ የምታሰምርበት እርሳስ ለአፍታ ቆም ይላል፤ ከዚያ ይቀጥላል። አንዳንዱ ሰው ሰደበው፤ ስድቡን ቻለው። አንዲት ሴትዮ ግን "አንተ ባትደውልልኝ ምን ይውጠኝ ነበር? እናትህን ያቆይልህ" ብለው መረቁት፤ ስልኩን ዘግቶ ውጭ ወጥቶ ቆይቶ መጣ።

ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱን ቦታ አንድ በአንድ እየጠየቀ ለእያንዳንዱ እንደ ሥራው ስም ማውጣት በኋላ ሰባት ሳምንት ፈጅቶበታል፤ ቤት ውስጥም ቧንቧ ሠሪ የጠራው ራሱ ነው። ያ ሁሉ ግን ገና አልመጣም። ረቡዕ ማታ ከወረቀቱ ላይ አንድ ስልክ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ይጠራል፣ አይነሣም። ሐሙስ ጠዋት ለሰባተኛ ጊዜ ሲሞክር ተነሣ።

"ሃሎ" አለ የሽማግሌ ድምፅ።

"ጤና ይስጥልኝ አባቴ! ደህና ነዎት?"

"እግዜር ይመስገን። ልጄ ዘንድ ሰንብቼ አሁን መግባቴ ነው። ስልኩን እዚሁ ረስቼው ሄጄ። የደም ውጤት አለብኝ፣ እሱንም ገና አላየሁት። ማን ልበል?"

አላዩትም። አረንጓዴውን አላዩትም፤ አሁን ቢያዩ የሚያዩት ቀዩን ነው። "ውጤትዎ ቀይ ነው፣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ" ብሎ ቢዘጋ የሚጠይቀው አልነበረም። "ከላቦራቶሪው ነው፣ በ..." ብሎ ጀመረ። ሲስተም ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰች። ከጎኑ እርሳሱ ቆመ።

"ቀለሙን የቀየርኩት ሰውዬ ነኝ" አለ።

"የቱን ቀለም፣ ልጄ?"

ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግራቸው ጀመር፤ ነገሩም በአንድ መስመር አላለቀም።